አክሱምን በሁለት ቀን፦ መሳለም፣ መጎብኘትና የማየት ወሰን

አክሱም ከሌሎች ጥንታውያን ከተሞች የምትለየው ዋናው ነገሯ ለጎብኚ ባለመታየቱ ነው። ላሊበላ የሄደ ሰው ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ገብቶ ያያል፤ ጎንደር የሄደ በፋሲል ግንብ ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለሳል። አክሱም ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እምነት ሙሴ በሲና የተቀበለው ጽላት ያለበት ታቦተ ጽዮን የሚገኝባት ከተማ ናት። ታቦቱ በአንዲት ትንሽ ቤተ መቅደስ ውስጥ በአንድ መነኩሴ ይጠበቃል። መነኩሴው አንዴ ከተሾመ እስከ ዕለተ ሞቱ ከቅጥሩ አይወጣም፤ የሚመጣውም እንግዳ፣ ከየትም ይምጣ፣ ከአጥሩ ማዶ ይቆማል። ለአጭር ጉብኝት ወደ አክሱም የሚነሣ ሰው እንግዲህ የቱንም ያህል ተጠንቅቆ ቢያቅድ ዋናውን ሳያይ እንደሚመለስ አስቀድሞ ያውቃል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የቆየ ነው። ቅዱስ ወይም ጥንታዊ በሚባል ቦታ በአካል መገኘት፣ ቤት ተቀምጦ በማንበብ ወይም በመጸለይ የማይገኝ ምን ይሰጣል? የሚሰጠው ነገር ካለስ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሊቀበለው ይችላል? የአውሮፕላን ትኬት ከመቆረጡና አልጋ ከመያዙ በፊት ለዚህ መልስ ማግኘት ይሻላል፤ የጉዞ ዕቅድ፣ ባለቤቱ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነውና። በአንድ ቀን አሥር ቦታ የደረደረ ሰው ማወቅ መቁጠር ነው ብሎ ወስኗል።

በክርስትና ውስጥ ክርክሩ ጎልቶ የወጣው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚጎርፈው ምእመን በበዛበት ጊዜ ነው። የቀጰዶቅያው ሊቅ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነገሩን አልወደደውም። ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም ብሎ ተከራከረ። ጸጋ በዚያች ከተማ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቢበዛ ኖሮ በነዋሪዎቿ መካከል ያን ያህል ክፋት ባልታየ ነበር ባይ ነው። የራሱም እምነት ከመሄዱ በፊትና ከሄደ በኋላ ያው እንደነበረ ይናገራል። መከራከሪያው በቀላሉ አይፈርስም። ሆኖም ጎርጎርዮስ ይህን የጻፈው ሄዶ ካየ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሳይሄድ ቢጽፈው ኖሮ የሚሰማው ማን ነበር?

በቤተ ልሔም መንኖ የኖረው የላቲኑ ሊቅ ጄሮም ደግሞ ሁለት ነገር ጽፏል። ለአንድ ወዳጁ በላከው ደብዳቤ መንግሥተ ሰማያት ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ክፍት መሆኗን ነገረው። በሌላ ሥራው ግን አቴናን ያየ ሰው የግሪክን ታሪክ ይበልጥ እንደሚረዳ ሁሉ፣ ይሁዳን በዓይኑ ያየም መጽሐፍ ቅዱስን ይበልጥ ያስተውላል አለ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ስለ ድኅነት ነው፣ ሁለተኛው ስለ ማስተዋል። ቦታ ባያድንም ያስተምራል የሚለው ይህ አቋም ለዛሬው ጎብኚ ከሁሉ ይቀርበዋል። አክሱምን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ያስመዘገበው አስተሳሰብም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ዮሐንስ ዘደማስቆ ከዚህ ተሻግሮ ሄዷል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ሲከራከር፣ ፈጣሪ ሥጋ ለብሶ በግዙፉ ዓለም በኩል ካዳነ ለግዙፉ ነገር ክብር ይገባዋል አለ፤ የመስቀሉ እንጨት፣ ጎልጎታ፣ መቃብሩም የሚከበሩት ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ምእመን ሊቁን አንብቦ ባያውቅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ይስማል፣ ጠበል ይጠጣል፣ እምነት ይቀባል። ለእርሱ አክሱም መድረስ በረከት መቀበል ነው። በረከቱ ደግሞ በዓይን በማየት ላይ የቆመ ስላልሆነ የታቦቱ መሰወር ምንም አያጎድልበትም። እዚህ ላይ ተሳላሚው ከጎብኚው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ጎብኚው የተዘጋ በር ሲያይ አንድ ነገር እንደቀረበት ይሰማዋል፣ ተሳላሚው ግን በሩ ድረስ የመጣው ከመጀመሪያውም ሊከፍተው አይደለም።

በራሷ በአክሱም ምድር ስሙ የሚነሣ ሌላ ድምፅም አለ። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው መጽሐፍ ባለታሪክ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአክሱም አቅራቢያ የተወለደና በከተማዋ ያስተማረ ሰው ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሸ፤ በተከዜ አካባቢ በአንድ ዋሻ ተሸሸገ፤ ከሊቃውንት ጋር ሳለ ከተማረው ይልቅ በዋሻው ብቻውን ሆኖ የተረዳው እንደሚበልጥም ይናገራል። መጽሐፉን ራሱ ዘርዓ ያዕቆብ ጽፎታል ወይስ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሐሳቡ ግን የማንም ይሁን የማን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል፤ የአክሱም ፈላስፋ የሚባለው ሰው የሚፈልገውን ያገኘው አክሱምን ለቆ ነው።

ከእነዚህ አቋሞች አንዱም ለአጭር ጊዜ መሄድን አይከለክልም። ጉዞን የሚያበላሸው መደባለቁ ነው፤ ለመማር የሄደው በረከት እንደተቀበለ ሲቆጥር፣ ለመሳለም የሄደውም ታሪክ እንዳጣራ ሲያስብ። አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜያቸውን ቢለይላቸው፣ ማለትም አንዱን ቀን ለሚታየው፣ ሌላውን ለማይታየው ቢሰጥ፣ ሁለት ቀን አያንስም።

መጀመሪያ የሚወሰነው መቼ የሚለው ነው። ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው የኅዳር ጽዮን በዓል ከተማዋን በነጭ ለባሽ ምእመናን ይሞላታል፤ አልጋ አስቀድሞ ይያዛል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ለመሳለም የሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ሐውልቶቹንና ጽሑፎቹን በጸጥታ ማጥናት የሚፈልግ ግን ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይበጀዋል። ከሁለቱም ያልሆነ፣ ሕዝቡን ሲጸልይ ለማየትና ለመቅረጽ ብቻ በበዓል ቀን የሚሄድ ጎብኚም አለ። እርሱ የሌላውን ሰው ጸሎት ትርኢት ማድረጉን ማሰብ ይኖርበታል፤ ምእመናኑ ለመታየት አልመጡምና። በዓል ያልሆነ ጊዜ ለሚመርጥ ቅዳሜና እሑድ ምቹ ናቸው። ቅዳሜ ለድንጋዮቹ ይውላል፤ እሑድ ሌሊትና ማለዳ ለቤተ ክርስቲያኑ። ከአዲስ አበባ በመኪና መሄድ ብቻውን ከሁለት ቀን በላይ ስለሚበላ፣ አጭር ጊዜ ያለው ሰው ያለ አውሮፕላን አይሆንለትም። በትግራይ በተካሄደው ጦርነት የተጎዳው የአፄ ዮሐንስ አራተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ተጠግኖ በ2016 ዓ.ም. በረራ ቀጥሏል፤ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ግን ከመነሣት በፊት መጠየቅ የግድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የሐውልቶቹ ነው። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ወደ 520 ቶን የሚገመት ክብደት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን ተሰባብሮ ወድቋል፤ ሲተከል ሳለ ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ይታመናል። ሁለተኛው 24 ሜትር፣ የንጉሥ ዒዛና ሐውልት የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ 23 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ሦስተኛው መቼም ሳይወድቅ እስከ ዛሬ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ድንጋዩ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ተራራ ተፈልፍሎ የመጣ ነው። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ከሥራቸው የተጠረቡ የመቃብር ክፍሎች አሉ። ትላልቆቹ የቆሙት ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ከመሆኑ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን፣ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ አንጋጦ ቁመቱን ያደንቃል። ከቁመቱ ይልቅ ግን ቅርጹ ያነጋግራል። ትልልቆቹ ሐውልቶች ፎቅ ቤት መስለው ተቀርጸዋል፤ የወደቀው 13 ፎቅ አለው፣ መስኮቶችና የእንጨት ወራጅ ጫፎች በድንጋዩ ላይ ወጥተዋል፣ ከታች ደግሞ ቁልፉ ሳይቀር የተቀረጸ በር አለ። በሩ አይከፈትም፤ ከበስተኋላው ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ለሙታን የተሠራ፣ ሕያው የማይገባበት ቤት መሆኑ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጽዮን ቅጥርም ሌላ የማይገባበት በር አለው። በሁለቱ መካከል የሃይማኖት ለውጥና ወደ 1,700 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ቢኖርም፣ የከተማዋ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ጎብኚውን ደጅ ላይ ማቆማቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው እንዲታይ ተብሎ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛው እንዳይታይ ተሰውሯል። አክሱምን ለማሰብ ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስልም፤ ጎብኚውም ከአሥር ቦታ ይልቅ በዚህ አንድ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ቢቆም ይተርፋል።

ሁለተኛው ሐውልት የቦታን ጥያቄ በሌላ በኩል ያነሣል። የፋሺስት ጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ቆራርጦ ወደ ሮም ወሰደው፤ በዚያም የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር በነበረው፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንጻ ፊት አቆመው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ቢያዝም፣ የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1997 ዓ.ም. ነበር፤ በሦስት ቁራጭ በግዙፍ አውሮፕላን መጥቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቦታው ቆሞ ተመረቀ። ቦታ ለውጥ አያመጣም ቢባል ይህ ሁሉ ድካም ምክንያት አይኖረውም ነበር። በሮም የቆመውና በአክሱም የቆመው ድንጋይ አንድ ነው፤ ቁመቱም ቅርጹም አልተለወጠም። በሮም ግን የድል ምልክትና የአደባባይ ጌጥ ነበር፤ በአክሱም የሙታኖቹ ነው። ሐውልቱ ከክርስትና በፊት የነበረ ሥራ መሆኑም ክርስቲያኑን የአክሱም ሕዝብ በእልልታ ከመቀበል አላገደውም። ጎርጎርዮስ ስለ ጸጋ ያለው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ስለ መታሰቢያ ግን አልተናገረም፤ መታሰቢያ ደግሞ ከቦታው ሲነቀል ሌላ ነገር ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛው ወደ ነገሥታቱ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የዒዛና ጽሑፍ ነው፤ በግእዝና በሳባ ፊደል፣ በግሪክ ቋንቋም የተጻፈ ነው። ገበሬዎች ያገኙት ሲሆን ከቦታው የሚያንቀሳቅሰው እንደሚረገም ስለሚነገር እዚያው ትንሽ ቤት ተሠርቶለታል። ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን ማሕረም የተባለው አምላክ ልጅ ይላል፤ በኋለኞቹ ደግሞ የሰማይ ጌታን ያመሰግናል፤ በገንዘቡም ላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በመስቀል ተተክቷል። ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ በእስክንድርያ የቀባው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በንጉሡ ዙሪያ የሠራው ሥራ በእነዚህ ድንጋዮችና ሳንቲሞች ላይ ይነበባል። የአንድ አገር ሃይማኖት መለወጥ እንዲህ በቅርብ የሚዳሰስበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ዱንጉር ነው። አስጎብኚዎች የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ የመራው ቁፋሮ ግን ሕንጻው በአክሱም የክርስትና ዘመን የተሠራ የባለጸጋ መኖሪያ መሆኑን ያመለክታል፤ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይዘገያል። ማይ ሹም የተባለው ጥንታዊ የውኃ ማጠራቀሚያም የንግሥቲቱ መታጠቢያ ይባላል፤ ዛሬ የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። እዚህ ላይ ጎብኚው በሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ይፈተናል። አንደኛው በአስጎብኚው ማሾፍ ነው። ሌላኛው ትውፊቱም ቁፋሮውም የየራሳቸው እውነት አላቸው ብሎ ማለፍ ነው፤ ይህ ትሕትና ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው። አንድ ግድግዳ የተሠራበት ዘመን አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ዘመኑ ቁፋሮው ይታመናል። ትውፊቱ ግን ስለ ግድግዳው አይደለም የሚናገረው፤ ከተማዋ ራሷን ከማን ወገን እንደምትቆጥር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ነቡረ እድ ይስሐቅ በግእዝ ያዘጋጀው ክብረ ነገሥት ንግሥቲቱን፣ ሰሎሞንንና ልጃቸውን ምኒልክን፣ የታቦቱንም መምጣት ያገናኘው በዚህ መንገድ ነው። ጄሮም ይሁዳን ማየት ለመጽሐፉ ይረዳል እንዳለው ሁሉ፣ ክብረ ነገሥትን ከጉዞው በፊት ያነበበ ሰው በአክሱም የሚሰማውን ግማሹን ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ነጠላ ተለብሶ፣ ጫማ ወልቆ ይገባል። ለማያምነውም ለሌላ እምነት ተከታይም ከሩቅ ቆሞ መስማት የሚከለክለው የለም፤ እዚህ ዋናው ሥራ መስማት ነው። በትውፊት የአክሱም ልጅ የሆነው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች እንደደረሰ ይነገራል። ከሐውልቶቹ አንድ እንኳ ዛሬ አይቀረጽም፤ ዜማው ግን በየሌሊቱ ይዜማል። በአክሱም ከጥንቱ ነገር ሕያው ሆኖ የሚገኘው በጆሮ የሚገባው ነው፤ ዓይን የሚያገኘው አብዛኛው የፈረሰ ወይም የተቀበረ ነው። ይህን ሰዓት ለእንቅልፍ ሰጥቶ ረፋድ ላይ ሕንጻ ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ሙሉ በሙሉ ዘግይቷል።

ሕንጻዎቹ ራሳቸው የብዙ ዘመን ናቸው። የጥንቱ ካቴድራል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ፈረሰ፤ አሁን ያለውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ፋሲለደስ አሠሩ። ትልቁ ጉልላት ያለው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተሠርቶ በ1957 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ አሮጌው ሴቶች አይገቡም፤ ወደ አዲሱ ሁሉም ይገባል። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅና መነጋገር ይኖርበታል፤ ደጅ ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ ለማንም አይጠቅምም። ሥርዓቱ በእመቤታችን ክብር የተሠራ መሆኑን የሚናገሩ አሉ፤ በማርያም ስም በተጠራ ቤተ ክርስቲያን ሴት አለመግባቷ የማይዋጥላቸውም አሉ። አንድ እንግዳ በሁለት ቀን የሚፈርደው ጉዳይ አይደለም፤ የሁለተኛዎቹ ጥያቄ ግን ጥያቄ መሆኑ አይቀርም።

ከዚያ የጽላቱ ቤት አጥር ይመጣል። እዚያ የሚቆመው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይሰግዳል። ሌላው እውነት ውስጥ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በተለይ የእንግሊዛዊው ግርሃም ሃንኮክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣ ወዲህ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን በአጥሩ በኩል አጮልቆ የሚመለስም አይደለም። የታሪክ ሊቅ የሚጠይቀው ጥንታዊ መረጃ በመጻሕፍትና በቁፋሮ ይፈለጋል፤ በአክሱም መገኘት ለዚህ የሚጨምረው ነገር የለም። በአጥሩ ዳር መገኘት የሚያስተምረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሕዝብ ያላየውን ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት እንዴት ሲጠብቅ እንደኖረ። መነኩሴው ሕይወቱን ሙሉ የሚሰጠው ለዚህ ጥበቃ ነው፤ ጎብኚው የሚያየው ይህንን ነው፣ እርሱም ትንሽ አይደለም። ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ካሜራ ፊት ካልቀረበ እንዳልነበረ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ አንድ ከተማ ታላቅነቷን ባለማሳየት መሥርታ መኖሯ ለማያምነውም ሊያሳስብ ይገባል።

የአክሱም ቅድስና የአንድ ሃይማኖት ብቻ ታሪክም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮችን የተቀበለው ነጃሺ የአክሱም መንግሥት ንጉሥ ነው። በእስልምና ትውፊት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ ፊት ያነበበው ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ ነበር። ይህን ይዞ የሚመጣ ሙስሊም ጎብኚ የሚሳለመው ሕንጻ በአክሱም አያገኝም፤ የነጃሺ መስጊድ ያለው ከውቅሮ አቅራቢያ ነው። የከተማዋ ሙስሊሞችም በከተማዋ ውስጥ መስጊድ የላቸውም፤ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ስደተኛን በማስጠጋት በዓለም የሚታወቅ መንግሥት መዲና የነበረች ከተማ ይህን ጥያቄ በሰላም እንድትፈታው መመኘት የእንግዳም መብት ነው።

በመጨረሻ ሟቾቹ አሉ። በኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኅዳር ጽዮን በዓል ዋዜማ፣ የኤርትራ ወታደሮች በከተማዋ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንና ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች መዝግበዋል፤ ኮሚሽኑ ቁጥሩን ከመቶ በላይ አድርጎታል። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተቀመጠችው እናት ከዚያ የተረፉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቃብር በዝርዝር የሚጠይቅ ጎብኚ በቅርቡ ስለተቆፈረው መቃብር ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው ወይስ ንፉግነት? አንድ ደንብ አይበቃም፤ ከተነገረው መስማት፣ ካልተነገረው አለመጎርጎር፣ ፎቶ ግራፍም ሳይጠይቁ አለማንሣት ግን የሚያሳስት አይደለም። ሐዘን ላይ ያለ ቤት የገባ እንግዳ እንደሚያደርገው ጥቂት መቆየትም ከብዙ ጥያቄ ይሻላል። የአገሩን ሰው አስጎብኚ አድርጎ መያዝና ለድካሙ ተገቢውን መክፈል ደግሞ ከሥነ ምግባርም ከጥቅምም አኳያ የሚመከር ነው፤ ጦርነቱ ለዓመታት ጎብኚ ስላስቀረ በዚህ ሥራ የሚኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ተጎድተዋል።

አብዛኞቹ የአክሱም የጉዞ ዕቅዶች በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ የሐን ይጨምራሉ። ከአክሱም በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሐ ከአክሱም መንግሥት በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ታላቅ ቤተ መቅደስ አላት፤ መንገዱም በዓድዋ በኩል ያልፋል። ሁለቱም መታየት ያለባቸው ናቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ግን የሚገቡት ከእሑድ ማለዳው ወይም ከሐውልቶቹ ግማሽ ቀን ተቀንሶ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው የሐንና ዓድዋን ለሌላ ጉዞ ቢያቆያቸው ይሻላል።